«ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው የምትጭኚው?»

(በሰሜን ቨርጂኒያ በተዘጋጀ የወጣቶች የሙያ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ስለሆነ ከሞላ ጎደል እንደተነገረው ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! እናንተም ከኋላ ስልክ ላይ ያጎነበሳችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! እሺ፣ አሁን ቀና አላችሁ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ምግቡን የሠሩትን እናቶች ደግሞ ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። ከእንዲህ ያለ ክትፎ በኋላ ተናገሪ የተባለ ሰው ግን ዕድለኛ አይደለም። የምታንቀላፉ ካላችሁ አልቀየምም። እኔም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የተነሳሁት። በአበሻ ነው የምላችሁ፤ በፈረንጁ 3 ሰዓት መሆኑ ነው።

ወንድማችን ሲያስተዋውቀኝ «ካፒቴን» አለ። ውሸት አይደለም፣ በወረቀት ካፒቴን ነኝ። ግን ግልጽ ላድርግላችሁ። በአውሮፕላኗ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ካፒቴኗም እኔ፣ ረዳቷም እኔ፣ ጭነቱ ሲገባ ሣጥን የምትገፋውም እኔ ነኝ። ሻይ የሚያቀርብልኝም የለም።

አባቴ እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ሥራ ያገኘሁ ቀን ደውዬ ነገርኩት። ደስ አለው፣ መረቀኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና «ስንት ሰው ትጭኛለሽ?» አለኝ። «ማንንም» አልኩት። «እንዴት ማንንም?» «አባዬ፣ ዕቃ ነው የምጭነው።» እንደገና ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰው ቢሆን እኮ ቢያንስ ቲፕ አለው!»

ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ለቅሶ ቤት ስሄድ፣ ሠርግ ስሄድ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። «ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው የምትጭኚው?» አዎ፣ ዕቃ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ስለ ዕቃው ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሥራው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እዚያ እንዴት ይደረሳል? ሦስተኛ፣ በዚህ ሥራ ለእኛ ለአበሾች ተለይቶ የሚከብደን ነገር ምንድን ነው? እውነቱን ልናገርና የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። ሁለቱን በቶሎ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ወደ አንደኛው። ማታ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ በስልካችሁ ዕቃ ታዛላችሁ። በነጋታው በር ላይ ይገኛል። ማን አመጣው? «ፌዴክስ»፣ «ዩፒኤስ» ትላላችሁ። ልክ ነው። የፌዴክስ ትልልቅ ጄቶች ሌሊት ሜምፊስ ቴነሲ ይሰበሰባሉ። የዩፒኤሶቹ ሉዊቪል ኬንታኪ። ዕቃው እዚያ ይለያል፣ ከዚያ በየትልልቁ ከተማ ይበተናል። ግን ትልቁ ጄት የማያርፍባት፣ ተራራ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማስ? እዚያም ሰው አለ። እዚያም ሆስፒታል አለ። እዚያም ማታ ጫማ ያዘዘ ሰው አለ። ያንን የመጨረሻውን መንገድ የምንበረው እኛ ነን።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። ጭራው ላይ የፌዴክስ ስም የተጻፈበት ትንሽ አውሮፕላን ስታዩ አብራሪው የፌዴክስ ሠራተኛ አይደለም። አውሮፕላኑ የፌዴክስ ነው፤ የሚያበረው ግን በኮንትራት የሚሠራ ሌላ ትንሽ ኩባንያ ነው። ደመወዝ የሚከፍለውም እሱ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «ትልቅ ድርጅት ገባሁ» ብሎ ፎቶ ቢልክላችሁ የደመወዙን ወረቀት አሳየኝ በሉት።

አውሮፕላኗ ብዙ ጊዜ ሴስና ካራቫን ናት። አንድ ሞተር፣ አንድ ፕሮፔለር፣ 675 የፈረስ ጉልበት። ጭነቷንም ነዳጇንም አብራሪዋንም ጨምሮ 8,750 ፓውንድ ሆና ትነሳለች፤ በኪሎ ወደ 4 ሺህ ግድም ማለት ነው። መስኮት የላትም፣ ከአብራሪው ቦታ በስተቀር። እንደ መንገደኛ ጄት አየር የሚታመቅባት አይደለችም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሺህ ጫማ በታች ነው የምንበረው። ይህ ስንት መሰላችሁ? ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ አሜሪካ ሰማይ ላይ ሆኜ እናንተ ቦሌ መሬት ላይ ከቆማችሁበት ብዙም አልበልጥም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትልቅ እፎይታ ነበር።

ቀኑ እንዲህ ነው። ሌሊት እነሳለሁ፣ የአየር ሁኔታውን አያለሁ። ራምፕ ላይ፣ አውሮፕላን የሚቆምበትና የሚጫንበት ሜዳ ማለት ነው፣ ስደርስ አውሮፕላኗ ጭራዋ ሥር በብረት መደገፊያ ቆማ ታድራለች። ለምን ቢባል፣ ዕቃው ከኋላ በር ስለሚገባ ክብደቱ ወደ ኋላ ከበዛ በጭራዋ ቁጭ ትላለች፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። አህያ የጫነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጭነት ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ጥፋቱ የአህያዋ አይደለም። ጫኚዎቹ እያንዳንዱን ክፍል መዝነው ወረቀት ይሰጡኛል። እኔ ደግሞ የክብደቱን ማዕከል አሰላለሁ። ወረቀቱ ቀላል ቢልም ሣጥኑን በእጄ እሞክረዋለሁ። ከዚያ መረቡና ማሰሪያው በደንብ መጥበቁን አያለሁ። ያልታሰረ ሣጥን አየሩ ሲናወጥ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ? ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ባትሪ ይዤ ዙሪያዋን እዞራለሁ። ከክንፉ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቼ ውሃ እንዳለበት አያለሁ። ክንፉ ፊት ላይ ያለውን ጥቁር ላስቲክ በጓንቴ እየዳሰስኩ እሄዳለሁ። ያ ላስቲክ በአየር ተነፍቶ ክንፍ ላይ የጋገረ በረዶ የሚሰብር ነው። ከተቀደደ አይሠራም። ዘይት፣ ጎማ፣ ፕሮፔለር አያለሁ። በመጨረሻ የጭራውን መደገፊያ አነሳለሁ። በጥር ይህን ሁሉ ስታደርጉ ጣታችሁ አይሰማችሁም። ብርድ ላይ ቆሞ መቸኮል ያምራል። ግን አያቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አይደል ያሉት?

ጎህ ሲቀድ ትንሿ ከተማ አርፋለሁ። የጭነት መኪናዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሄዷል። እኔስ? እኔ እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ማታ ደግሞ ከተማዋ የምትልከውን ዕቃ ይዤ እመለሳለሁ። በመሃል ያለውን ቀን በሞቴል ወይም ብዙ አብራሪ በሚጋራው አንድ ክፍል እተኛለሁ። በቀን መተኛት ሙያ ነው። መስኮት ላይ አልሙኒየም ፎይል ትለጥፋላችሁ፣ ስልካችሁን ታጠፋላችሁ። እናቴ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው የምትደውለው።

ምን እንጭናለን? ሁሉንም። የመኪና ዕቃ፣ መድኃኒት፣ የደም ናሙና፣ ጎማ፣ የሙሽራ ልብስ። የአንድ ቀን ጫጩቶች የጫንኩ ቀን አለ። እዚህ አገር ጫጩት በፖስታ እንደሚላክ ታውቃላችሁ? ይላካል። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ጫጫታቸው ጉድ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፃቸው ይጠፋል፤ ሽታቸው ግን አብሮኝ ነው የሚበረው።

ለሕክምና የሚሆን ጨረር ያለበት መድኃኒትም አለ። ይኼ ደስ የሚለኝ ጭነት ነው። ለካንሰር ምርመራ ከሚያገለግሉት አንዱ ፍሎሪን 18 ይባላል። በየ110 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። ዛሬ ሠርተህ መጋዘን አስቀምጠህ ነገ አትሸጠውም። ሌሊት ተሠርቶ፣ ሌሊት ተጭኖ፣ ጠዋት በሽተኛው ክንድ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ «ዕቃ ብቻ» ስትሉኝ አልናደድም። ግን ዕቃው ማንን እንደሚጠብቅ እኔም እናንተም አናውቅም።

ያስተማረኝ ሽማግሌ አብራሪ በወጣትነቱ ሌሊት ሌሊት ቼክ ይጭን ነበር። የባንክ ቼክ! በዚያ ዘመን ሰው የጻፈው ቼክ ወረቀቱ ራሱ ወደ ከፋዩ ባንክ መመለስ ነበረበት። በከረጢት እየታሰረ በየሌሊቱ በአውሮፕላን ይሄድ ነበር። አንድ ሌሊት ከዘገየ ባንኩ ገንዘብ ይከስራል፤ ስለዚህ ዝናብ የለ፣ ጭጋግ የለ፣ ሂድ ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ አውሮፕላን ሁሉ መሬት ላይ ሲቆም ቼኩ ተከማቸ። ያኔ ነገሩ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ ወጣ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ፤ የቼኩ ፎቶ እንደ ቼኩ ይቆጠር ተባለ። ያ ሁሉ የሌሊት በረራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተነነ። እኒያ ሰውዬ «ሥራዬን የወሰደብኝ ስካነር ነው» እያሉ ይስቃሉ። እናንተ ልጆች ዛሬ ቼክ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ባንክ ስታስገቡ የእኒህን ሰውዬ እንጀራ እየበላችሁ ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው። እንዴት ይደረሳል?

በኢትዮጵያ መንገዱ ሌላ ነው። በአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ተመርጦ የገባ ልጅ በጥቂት መቶ የበረራ ሰዓት የትልቅ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። እዚህ አይቻልም። ለምን? እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 ቡፋሎ አጠገብ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን ለተመረቀ ወይም ከውትድርና ለመጣ ይቀንሳል። የሚገርመው፣ የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ ነበራቸው። ይህን ያህል ብቻ ብዬ ልለፈው፤ ከጀመርኩ እዚሁ እናድራለን።

በ250 ሰዓት ገደማ የንግድ በረራ ፈቃድ ታገኛላችሁ። ያ ማለት በሕግ ሊከፈላችሁ ይችላል ማለት ነው። ማን ይቀጥራችኋል? ማንም! ከ250 እስከ 1,500 ያለው ትልቅ ገደል ነው። አብዛኛው ሰው ያንን ገደል የሚሻገረው የበረራ አስተማሪ ሆኖ ነው። ሌላው መንገድ የእኔ ነው። ደመና ውስጥ በመሣሪያ እየበረረ ብቻውን ጭነት የሚያመላልስ አብራሪ 1,200 ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ ውስጥ 500ው ከከተማ ከተማ የተበረረ፣ 100ው የሌሊት፣ 75ቱ በመሣሪያ የተበረረ መሆን አለበት። እኔ 1,200 እስክሞላ አስተምሬያለሁ። እዚሁ ቨርጂኒያ ማናሳስ ላይ ስንቱን ተማሪ ይዤ እየዞርኩ። በነገራችን ላይ እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ መማር ራሱ ፈተና ነው። በ30 ማይል ዙሪያ ልዩ ጥበቃ ያለበት የበረራ ክልል አለ። ያለ ኮድና ያለ ፈቃድ ከገባችሁ አጅቦ የሚያስወጣችሁ ይመጣል። እንግዳ አቀባበሉ አያምርም።

ገንዘቡስ? አልዋሻችሁም፣ ውድ ነው። ዛሬ ከዜሮ እስከ አስተማሪነት ብዙ ትምህርት ቤት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። እኔ ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ ደለስ ኤርፖርት ራምፕ ላይ ሻንጣ ጭኛለሁ፣ ተበድሬያለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ራምፕ ላይ የምትሠሩ አላችሁ? እጃችሁን አሳዩኝ። አያችሁ! ስንት ናችሁ!

እናንተን አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ጆን ሮቢንሰን ይባላል፣ ጥቁር አሜሪካዊ። ቺካጎ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አንቀበልም አለው። ምን አደረገ? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። ክፍል እየጠረገ ሰማ፣ ተማረ፣ በኋላ እዚያው ተማሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ጣሊያን ሊወረን ሲነሳ ተነስቶ አዲስ አበባ መጣና የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያው በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። ስለዚህ ሻንጣ እየጫናችሁ ወደ ላይ የምታዩ ልጆች፣ መጥረጊያ ይዞ ያዳመጠ ሰው የእኛን አየር ኃይል መርቷል።

አሁን ሦስተኛው። እባካችሁ እዚህ ላይ ስሙኝ።

ሕጉ እንዲህ ይላል። በእኔ ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን መንገደኛ ይዘህ ደመና ውስጥ በመሣሪያ የምትበር ከሆነ ረዳት አብራሪ ያስፈልግሃል፤ ወይም በእሱ ምትክ የሚሠራ አውቶፓይለት። የጫንከው ሣጥን ብቻ ከሆነስ? ረዳትም አያስፈልግም፣ አውቶፓይለትም አያስፈልግም። ብቻህን፣ በእጅህ፣ ሌሊት፣ ደመና ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለትልልቆቹ አየር መንገዶች አዲስ የአብራሪዎች የዕረፍት ሕግ ሲጀመር እንኳ የጭነት አብራሪዎች ከሕጉ ውጭ ተደረጉ። ድካም ሣጥን የጫነን ሰው አይይዝም እንዴ? ይይዛል እንጂ! ግን ሣጥን ኮንግረስ ሄዶ አይከራከርም።

ስለዚህ ኮክፒት፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ «አይ፣ ይህ ልክ አይደለም» የሚላችሁ ሁለተኛ ሰው የለም። መንገደኛም የለም። ከኋላ 50 ሰው ቢኖር ለእነሱ ብላችሁ ትጠነቀቃላችሁ። እኔ ግን ከኋላዬ ያለው ጫማ ነው። «አልሄድም» የምለው ለራሴ ብቻ ብዬ ነው።

እኛ ደግሞ ለራሳችን ብለን እምቢ ማለት ተምረናል? እስኪ ተጠየቁ። ዛሬ ማታ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ ጠግባችሁ ሳለ «በሞቴ፣ ትንሽ ጨምር» ተብላችሁ የበላችሁ? ሳቃችሁ ይመሰክራል! ጉርሻ እምቢ አይባልም። ታላቅ ሰው ሲያዝ እምቢ አይባልም። አሠሪ «ትንሽ ቆይ» ሲል እምቢ አይባልም። በይሉኝታ ነው ያደግነው። ይሉኝታ መጥፎ ነው አልልም። ለቅሶ ቤት የሚሞላው፣ ዕቁብ የማይበላው በይሉኝታ ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ይሉኝታ ይገድላል። ይገድላል ነው የምላችሁ።

አንድ ታኅሣሥ ማታ ነበር። ጭነቱ ገብቷል፣ በሩ ተዘግቷል። መንገዴ በአፓላቺያን ተራሮች ላይ ነው። የአየር ትንበያው ከ4 ሺህ እስከ 9 ሺህ ጫማ ድረስ ደመና ውስጥ መካከለኛ በረዶ አለ ይላል። መካከለኛ የምትለው ቃል ታታልላለች። ካራቫን ከቀላል በላይ በረዶ ካጋጠማት እዚያ ውስጥ መቀጠል የለባትም፤ መውጣት ነው። በረዶ ውስጥ ከ120 ኖት በታች ፍጥነትም ክልክል ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ካራቫን ወድቋል፣ ብዙ አብራሪ ሞቷል፤ ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ በረዶ ቢይዘኝ ወዴት እወጣለሁ? ወደ ታች ተራራ ነው። ወደ ላይ ደመናውን አልፌ ለመውጣት በረዶ የተሸከመች አውሮፕላን ጉልበት አይኖራትም። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ደግሜ አሰብኩት። ከመሬት ሆኖ በረራዎቹን የሚያስተባብረው ዲስፓቸሩ ጋ ደወልኩና «አልነሳም» አልኩት።

«ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ እዚያ ያለፈ አለ እኮ» አለኝ።

«በምን አውሮፕላን?»

የነገረኝ ሁለት ሞተር ያላት፣ ከእኔዋ በእጅጉ የምትፈጥን ናት። «እሱ የእኔን አውሮፕላን አልያዘም» አልኩት።

ስልኩን ዘጋ። ቆይቶ አንድ አለቃ ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ቁጣ የለበትም። «ውሳኔው ያንቺ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም» አለ። ከዚያ ቀጠለ። «ግን ደንበኛው በዚህ ወር ሁለተኛ ጊዜው ነው የሚዘገይበት። አንቺ ደግሞ ጎበዝ ነሽ፣ ሁልጊዜ እንተማመንብሻለን።» አያችሁ? ዛቻ አይደለም። ሙገሳ ነው! እኛን የሚጥለን ሙገሳ ነው። ቢቆጣኝ ኖሮ ቀላል ነበር፤ እኔም እቆጣ ነበር። «እንተማመንብሻለን» ስባል ግን እናቴ ቤት ገበታ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ተሰማኝ። አፌ ላይ «እሺ» ደርሳ ነበር።

«አመሰግናለሁ፤ አልነሳም» አልኩ።

ሣጥኖቹ በመኪና ሄዱ። ጠዋት ዘግይተው ደረሱ። በቃ። አንድ ሰው ጫማው ዘገየበት።

ታሪኩን እንዲያልቅ በምትፈልጉበት መንገድ አልጨርስላችሁም። በዚያ ሌሊት ማንም አልወደቀም። «እሷ ባትቀር ኖሮ» የሚባል ነገር የለም። ብሄድ ኖሮ ምናልባት በሰላም እደርስ ነበር። ምናልባት ቀላል በረዶ ብቻ ነበር። ማንም «ጎሽ» አላለኝም። እንዲያውም ለተወሰነ ጊዜ ጥሩዎቹን መስመሮች ሌላ ሰው ነበር የሚያገኛቸው። እምቢ ማለት እንዲህ ነው፤ ልክ እንደነበራችሁ የሚያረጋግጥላችሁ ነገር አይመጣም። ከሄዳችሁ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ያኔ ደግሞ ማወቁ አይጠቅምም።

ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። 91.3 ይባላል፣ ቁጥሩን ያዙት። የአውሮፕላኑ አዛዥ ለበረራው ቀጥተኛ ኃላፊነት አለበት፣ የመጨረሻው ሥልጣንም የእሱ ነው ይላል። ሥልጣኑ የኩባንያው ባለቤት አይደለም፣ የደንበኛውም አይደለም። ለአንዲት የ25 ዓመት ልጅ፣ በደመወዝ ከአባቷ ታክሲ ያነሰ ለምታገኝ ልጅ፣ የአሜሪካ መንግሥት «የመጨረሻው ቃል ያንቺ ነው» ብሎ ጽፎላታል። ይህ በሌላ ሥራ የት ይገኛል? የሥራው ዋና ነገር ለእኔ ይኼ ነው። መሪ መያዝን ትምህርት ቤት ያስተምራችኋል። ብቻችሁን ሆናችሁ «አይሆንም» ማለትን ግን እንዲህ ያለ ጨለማ ራምፕ ላይ ነው የምትማሩት። በኋላ ትልቅ ጄት ላይ ስትወጡ አጠገባችሁ ካፒቴን አለ፣ መሬት ላይ ዲስፓቸር አለ፣ ሁሉም አብሮ ይወስናል። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ለመማር ብትፈልጉ ማን ብቻችሁን ይተዋችኋል?

እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ «ዛሬ በረራ ሰረዝኩ» ብሎ ሲደውል «ሥራህ ላይ ችግር አይፈጥርም?» አትበሉት። እናቴ መጀመሪያ እንደዚያ ትል ነበር። አሁን «እሰይ» ትላለች። ሌላ ምንም አትልም፣ «እሰይ» ብቻ። ይህቺ «እሰይ» ብዙ ትሠራለች።

ሰዓቴ አለቀ፣ ምልክት እየተሰጠኝ ነው። ለመጀመር የምታስቡ ልጆች ሳትሄዱ ሦስት ነገር ልቁጠርላችሁ።

አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የአቪዬሽን ሐኪም ጋ ሂዱ። የተፈቀደለት ሐኪም ነው የሚመረምራችሁ፤ ለንግድ አብራሪነት ሁለተኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ሁሉም ይታያል። 40 ሺህ ዶላር ከፍሎ ከዚያ የጤና ፈቃድ የተከለከለ ልጅ አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ ዜጋ ካልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም እንኳ፣ ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ቲኤስኤ፣ የሚያደርገው የደኅንነት ማጣራት አለ። ጊዜ ይወስዳል፣ አስቀድማችሁ አመልክቱ። በ16 ዓመት ብቻችሁን መብረር ትችላላችሁ፣ በ17 የግል ፈቃድ፣ በ18 የንግድ ፈቃድ። አውቶቡስ አልሄደባችሁም፣ አትሩጡ።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ኩባንያ ሲቀጥራችሁ የሥልጠና ውል ያስፈርማችኋል። «ይህን ያህል ጊዜ ሳትሠራ ከወጣህ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ትከፍላለህ» የሚል። ለእኔም ሰጥተውኛል፣ ዓርብ ማታ፣ «ሰኞ ሥልጠና ስለሚጀመር አሁን ፈርሚ» ተብሎ። ስሙን አልጠራም። ሳትፈርሙ ጠበቃ ያንብበው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ሁለት የሕግ ባለሙያ አይቻለሁ፤ እዚያ ጥግ ቡና የያዙት ናቸው፤ ሲወጡ ያዟቸው፣ እነሱም እምቢ ማለት አይችሉም።

በሉ፣ ጥያቄ። ከፊት ያለችው ባለ ነጠላ እህቴ ቅድም ጀምሮ እጇን አንስታለች። ማይኩን ስጧት።